መድማቱ ቆሟል፤ ኦፕራሲዮኑን ልተወው?

ጥያቄ፦ ኑሮዬ ሰበታ ነው፤ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ያለ ጊዜው ደም እየፈሰሰኝ ብመረመር የማህፀን በር ካንሰር ነው ተባልኩ። ሐኪሞቹ «ሰፍቷል፤ መጀመሪያ በመድኃኒት ይነስ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ትደረጊያለሽ» ብለው በየሦስት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ ኬሞቴራፒ ወሰድኩ። ፀጉሬ ረገፈ፤ ደሙ ግን ቀጥ አለ። አሁን ቀጠሮው ሲደርስ የባለቤቴ ወንድም ከሱሉልታ መጥቶ «ካንሰር ቢላዋ ከነካው ይባስ ይሰራጫል፤ ድነሽ የለም ወይ?» ይለኛል። ቡራዩ ያለችው እህቴ ደግሞ «ቀኑን እንዳታሳልፊ» እያለች ታለቅሳለች። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሰበታ

መልስ፦ እህታችን፣ የቡራዩዋን እህትዎን ይስሙ። ደሙ መቆሙ መድኃኒቱ መሥራቱን እንጂ በሽታው መጥፋቱን አያሳይም። ኬሞቴራፒው እብጠቱን አሳንሶ ለኦፕራሲዮን እንዲመች ያደርገዋል፤ የቀረው ግን እዚያው ነው። ቀኑ ካለፈ መልሶ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ለኦፕራሲዮንም ላይመች ይችላል።

«ቢላዋ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ወሬ የሚነሳው ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሥር ከሰደደበት በኋላ ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ሲከፍት ተሰራጭቶ ያገኘዋል፤ በሽተኛው ሲሞት ጥፋቱ በቢላዋው ይላከካል።

አንድ ነገር ግን አንደብቅዎትም። በሽታው እንዲህ ሲሰፋ በዓለም ላይ የተለመደው ሕክምና ጨረርና ኬሞቴራፒን አንድ ላይ መስጠት ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር፤ ጅማና ሌሎችም የተጨመሩት ቆይቶ ነው። በመድኃኒት አሳንሶ ኦፕራሲዮን ማድረግ ጨረር እንደ ልብ በማይገኝበት የሚያገለግል መንገድ ነው። ሕንድ አገር፣ ሙምባይ፣ ታታ ሆስፒታል በ633 ሴቶች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከ100 ሴቶች 75 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት ግን በኦፕራሲዮኑ በኩል 69፣ በጨረሩ በኩል 77 ያህል ናቸው።

ስለዚህ በቀጠሮዎ ቀን ይሂዱና ሐኪምዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ በሽታዬ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? ጨረር ማግኘት እችላለሁ? ለእኔ የትኛው ይሻላል? ከኦፕራሲዮኑ በኋላስ ጨረር ያስፈልገኛል? የወጣው ሥጋ ተመርምሮ ውጤቱ መቼ ይደርሳል? መጠየቅ ነውር የለውም፤ ከቀጠሮ መቅረት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ለባለቤትዎም አንድ ቃል አለን፦ ለታመመ ሰው ዝምታ መልስ አይሆንም። ያን ዕለት ከሰበታ አብረዋት ይሳፈሩ፤ ሐኪሙ የሚለውንም በጆሮዎ ይስሙ። የሱሉልታው ወንድምዎ ጥያቄ ካለውም እሱም ይምጣና ይጠይቅ።

በመጨረሻ፣ ሴት ልጆች ካሉዎት አይርሷቸው። ይህን በሽታ የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ መከላከያ ክትባቱ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። የቡራዩዋ እህትዎም ሳያማት ትመርመር።

እግዜር ይማርዎ።