ቡችሎቻችንን የጨረሳቸው ዓይን ሳይሆን ቸልተኝነታችን ነው!

የተከበራችሁ የሶማሌ ተራና የአካባቢው ነዋሪዎች!

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። በእኛ ሠፈር ግን ሳይበላም ይጮኻል። ሌሊት በየመጋዘኑ በር ሞተሩን፣ ጎማውን፣ ራዲያተሩን የሚጠብቅልን እሱ ነው። እኛስ ምን አደረግንለት? አንዲት ውሻ ስድስት ወልዳ በወሩ ሁለት ሲቀሩ «ዓይን በላቸው» እንልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። የሞቱትም ከቆሻሻው ጋር ይጣላሉ።

ኸረ ጎበዝ፣ ይህ አባባል ይብቃን! አብዛኛውን ጊዜ ትንንሾቹን የሚበላቸው ቁንጫ፣ መዥገርና የአንጀት ትል ነው፤ የሚገድላቸውም ደም ማነስ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ቡችላ በሰውነቱ ያለው ደም በጠቅላላው 40 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። መንጠቆ ትል የሚባለው ደም መጣጭ፣ አንዱ ብቻ በቀን እስከ 0.1 ሚሊ ሊትር ደም ሊያሳጣ ይችላል። መቶ ቢሆኑ በቀን 10 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ቁንጫው ሲጨመርበት ሲኒዋ በስንት ቀን እንደምትደርቅ ነጋዴ የሆናችሁ ሁሉ አስሉት! ትሉ በእናቲቱ ወተት ስለሚተላለፍ ቡችላው ከጎሬው ሳይወጣም ይያዛል።

ለመሆኑ ምልክቱ ይታያል ወይ? አዎ፣ ለሚያይ ሰው ይታያል። የቡችላውን ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ። የጤነኛ ድድ ቀላ ያለ ነው፤ ደም ያነሰው ግን እንደ ወረቀት ይነጣል። ድዱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ብትለቁት ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ቡችላው ከወንድሞቹ ተለይቶ ከተኛ፣ መጥባት ከተወ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጊዜ የለም፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። እስክትደርሱ በሃይላንድ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አኑሩለት። ቁንጫውን በቅማል ማበጠሪያ ልቀሙለት። የደከመውን አትጠቡት፣ ብርድ ይገድለዋል። መዋጥ ላቃተው ደግሞ ወተት በግድ አትጋቱት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነውራችን እንምጣ። ቁንጫ ይገድላል ተብሎ በሠፈራችን ቡችላ ላይ የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ላምባ የሚቀባ ሰው አለ። ይህ ሕክምና አይደለም፤ መርዝ ነው! ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰውም ወደ ሆዱ ይገባል። ለትልቅ ውሻ ወይም ለከብት የተሠራ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒትም ቡችላን ይገድላል። ሌላው ስህተት ነጭ ሽንኩርት ለትል ብሎ መስጠት ነው። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ሽንኩርት የበዛበትን የወጥ ትርፍራፊ ለምታጠባ ውሻና ለልጆቿ መደፋት ደም ባነሰው ላይ ደም መቀነስ ነው።

«ለሰው ያልተረፈ ሐኪም ለውሻ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። መልሳችን ይኸውና። ለመጋዘን በር ጓጉንቸር ስንገዛ አንሰስትም፤ ጓጉንቸሩ ሲሰበር ለሚጮኸው ግን የትል መድኃኒት ከበደን! ሐኪም የለም እንዳንል፣ በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከተቋቋመ 40 ዓመት አልፎታል። ደግሞስ ጉዳዩ የውሻ ብቻ ነውን? የውሻ መንጠቆ ትል እጭ በእርጥብ አፈር ውስጥ ይቆይና በባዶ እግሩ የሚጫወተውን ልጃችንን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ክፉኛ ያሳክካል። ቡችላውን ያልተጠነቀቀ ሰው ልጁንም አልተጠነቀቀም።

በመሆኑም ውሻ ያለን ሁላችን የሚከተለውን እንፈጽም፦

ቡችሎች 2 ሳምንት ሲሞላቸው የትል መድኃኒት ይጀመርላቸው፤ በየሁለት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 8 ሳምንት ይቀጥል። እናቲቱም አብራ ትውሰድ። መጠኑን በክብደታቸው ሐኪም ይወስን እንጂ በግምት አይሁን።

የሚተኙበት ጨርቅ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ግቢው ይጠረግ፤ ዓይነ ምድራቸው በየቀኑ ይነሳ።

ቡችሎች ሦስት ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተቡ።

አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ባለ ሱቅ ካለ ውሻው የአምስቱም ጠባቂ ነው። ስለዚህ ወጪውን አምስቱም ይካፈሉ! «የእኔ አይደለም» የሚል፣ ሌሊት ሲጮኽለት የማን ነበር?

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሱቃችሁን ስትዘጉ ጎንበስ በሉና የአንዱን ቡችላ ድድ ተመልከቱ። ነጥቶ ካገኛችሁት ዓይን ነው አትበሉ፤ ተነሡ!

ከአንድ የሠፈሩ ነዋሪ