ካሜራው ከሰላምታ በኋላ ይውጣ

የእረፍት ቀን ሲገኝ ልጆችን ከቤት አውጥቶ አገራቸውን ማሳየት መልካም ተግባር መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን በጉዞ ላይ ከልጆቻችን እጅ ስለማይለየው የስልክ ካሜራ ነው።

ዱብቲ የምትሠራ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በአሳይታ በኩል ወደ ጋማሪ ሐይቅ ትሄዳለች። አንድ የአካባቢውን ተወላጅ መሪ አድርገው በሐይቁ ዳር በእግር እየተጓዙ ወፎችን ፎቶግራፍ ያነሣሉ። በዚህ መካከል አንዲት የአፋር እናት ሕፃን አዝላ ውሃ ስትቀዳ ልጁ ሮጦ ካሜራውን ደገነባት። ሴትየዋ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። መሪው የልጁን እጅ ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገና «መጀመሪያ ዳጉ» አለው።

ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ የሚጠያየቁበት የቆየ ባህል ነው። ሁለቱ እናቶችም በመሪው አስተርጓሚነት ስለ ልጆቻቸው ተጠያየቁ። በመጨረሻ ፈቃዷን ሲጠይቋት ሴትየዋ አልፈቀደችም፤ ፎቶግራፉም ሳይነሣ ቀረ። «ልጄ ያነሣቸውን ወፎች ረስቷቸዋል፤ የሕፃኑን ስም ግን እስከ ዛሬ ያስታውሳል» ስትል እናቲቱ አጫውታናለች።

እስቲ እኛ በራችን ላይ ልብስ ስናጥብ የማናውቀው ሰው መጥቶ ፎቶግራፍ ቢያነሣን ምን ይሰማናል?

ለአእዋፍም እንዲሁ ማሰብ ይገባል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ውሃው ይተንና ጨው ይቀራል። ፍላሚንጎዎች እንዲህ ባለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ጥቃቅን ዋቅላሚ ይመገባሉ፤ ቀይ ቀለማቸውም ከምግባቸው የሚገኝ ነው። «ሲበሩ ፎቶግራፉ ያምራል» ብሎ ድንጋይ መወርወር መንጋውን ከማዕዱ ማባረር መሆኑን ለልጆቻችን እናስረዳ።

ወደዚህ አካባቢ ለመሄድ ካሰባችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሙቀቱ ቀለል የሚልበት ነው። ማልዶ መነሣት፣ በቂ የመጠጥ ውሃና ባርኔጣ መያዝ ያስፈልጋል። በአዋሽ ውስጥ አዞ ስላለ ልጆች ወደ ውሃው ጠርዝ እንዳይጠጉ፤ መሪው ከሚያሳየውም መንገድ አይውጡ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጆቻችሁን ሰላምታ አስተምራችሁ ውሰዷቸው።