አሞራ ገደል ከመታደሱ በፊት ይመዘን



ዛሬ በአገራችን ከተሞች «ልማት» የሚለውን ያህል የሚደጋገም ቃል የለም። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻግሮ ሐዋሳም ደርሷል። መንገድ ይሰፋል፥ መብራት ይተከላል፥ የእግረኛ መሄጃ ይነጠፋል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን የሐይቁ ዳር ሥራ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሥፍራው የሚመዘነው በምን ሚዛን ነው? የሚመዝነውስ ማን ነው? የሚል ነው። ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚነካው አሞራ ገደልን ስለሆነ፥ እኛም ስለዚሁ ሥፍራ ያለንን አስተያየት እናቀርባለን።

አሞራ ገደልን የማያውቅ የሐዋሳ ሰው የለም። ማለዳ ጀልባዎቹ ሲገቡ ቆሮሶው፥ አምባዛውና ቢልጫው ይራገፋል። ወጣቶች ቅርፊቱን ፍቀው፥ ሆዱን ዘርግፈው፥ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው በደቂቃ ያስረክባሉ። ወዲያ ሾርባ ይፈላል፥ ወዲህ ይጠበሳል፤ ጥሬውን በዳጣ የሚመርጥም አለ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ቆመው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። በዐቢይ ጾም ወራት ገበያው ይደምቃል፤ ዓሣውም አዲስ አበባ ድረስ ይጓዛል።

ይሁን እንጂ ከተማው በሥፍራው የተጠቀመበትን ያህል አልተንከባከበውም። ለረጅም ዘመን ዓሣው የሚበለተው በአብዛኛው በሜዳ ላይ ነበር፤ ከአንጀቱና ከቅርፊቱ ብዙው መልሶ ወደ ውኃው ይገባል፤ ሽታውና ዝንቡም የታወቀ ነው። ስለዚህ «ይህ ሥፍራ ይታደስ» የሚል ሰው ቢነሣ ከእኛ መካከል የሚቃወመው አይገኝም። ክርክራችን ስለ መታደሱ ሳይሆን ስለ አመዛዘኑ ነው።

አንድ ባለሙያ በመኪና መጥቶ ከመንገዱ ወደ ሐይቁ ሲመለከት የሚታየው ዝንቡ፥ ዳሱና የተዝረከረከው መረብ ነው። «ይነሣ፤ በምትኩ አበባ ይተከል፥ ካፌ ይከፈት» ብሎ ይጽፋል። ያው ባለሙያ በጀልባ ተቀምጦ ከሐይቁ ወደ ከተማው ቢመለከት ግን ሌላ ነገር ያያል። ከየሠፈሩ የሚወርደው ጎርፍ፥ ከጋራዡና ከመኪና እጥበቱ የሚመጣው ዘይት፥ ከየድርጅቱ የሚለቀቀው እጣቢ ወዴት እንደሚሄድ ይገባዋል። አሞራ ገደልን ያቆሸሸው አሞራ ገደል ብቻ አለመሆኑን የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ፤ የዚህ ነገር ሥሩ ያለው ከሐይቁ ዳር ሳይሆን ከከተማው መካከል ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ልዩ ጠባይ አለው፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙ አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ሲሆን፥ የገባው ውኃ የሚቀንሰው በፀሐይ ተንኖ ወይም በመሬት ውስጥ ሠርጎ ነው። ውኃው ሲተን ቆሻሻው አብሮ አይተንም። ጣና ዓባይ አለለት፤ ሐዋሳ ግን የተሰጠውን ሁሉ ያስቀምጣል። የፍሳሹና የማዳበሪያው ቅሪት አልጌንና እምቦጭን ይመግባል፤ አልጌውም ሞቶ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ይታፈናል። ሐይቅ አይሞትም የሚል ሰው ቢኖር ወደ ጎረቤታችን ወደ ጨለለቃ ይሂድ። በአባቶቻችን ዕድሜ ሐይቅ የነበረው ጨለለቃ ከተራቆቱት ኮረብታዎች በሚወርድ ደለል እየተሞላ ዛሬ ረግረግ ሆኗል።

ስለ ዳርቻውም ሣር እንናገር። ቆሮሶ የሚራባው በሐይቁ መካከል ሳይሆን ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፥ በፊላና በቄጤማ አጠገብ ነው። ወንዱ በወለሉ ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከጠላት የሚሸሸጉት በዚያው ሣር ውስጥ ነው። ለመሐንዲሱ አረም የሆነው ለዓሣው የአራስ ቤት ነው። ዳርቻው በሙሉ ተመንጥሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ቢገነባ ለፎቶግራፍ ያማረ ይሆናል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን አዲስ በተሠራው ምግብ ቤት የሚቀርበው ዓሣ ከሌላ ሐይቅ ተጭኖ የመጣ እንዳይሆን ያሠጋል።

ከሁሉ በላይ የሚመዘነው ሰው ነው። በወረቀት ላይ በቀላሉ የሚቆጠረው ባለ ካርታው ነው። መረብ የሚጠግነው፥ ዓሣ የሚበልተው፥ ሾርባ የምትቀቅለው፥ እንግዳ በጀልባ የሚያንሸራሽረው ግን ካርታ የለውም። አንድ ቢላዋና አንድ የታወቀ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ቦታው ሲወሰድ ቢላዋው ዋጋ ያጣል። ካሳ በካሬ ሜትር ከተሰላ የእንዲህ ያለው ሰው ድርሻ ዜሮ ይሆናል፤ ቤተ ሰቡ ግን በዜሮ አያድርም።

ይህ የእኛ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በኬንያ በኪሱሙ ከተማ፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፥ ሉዋንግኒ የሚባል የዓሣ መብያ ሥፍራ ነበር፤ ትርጓሜውም በሉኦ ቋንቋ ዝንብ ማለት ነው። ዝንብም ነበረው፥ ስምም ነበረው፥ ብዙ ሰውም ያሳድር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የወደቡ እድሳት ሲጀመር ቤቶቹ ፈረሱ። በሠለጠነውም ዓለም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የለንደን የድሮ ወደቦች ሥራ ካቆሙ በኋላ፥ ሥፍራውን የሚያለማ ልዩ ድርጅት በ1981 ተቋቁሞ እስከ 1998 ሠርቷል። ባንኮችና ረጃጅም ሕንፃዎች በቀሉ። በመርከብ ጭነት ይኖሩ ከነበሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ግን የአዲሶቹን ቤቶች ዋጋ ሊደርሱበት አልቻሉም፤ አዲሱም ሥራ ለእነርሱ ሙያ የተሰናዳ አልነበረም። ሥፍራው ታደሰ፤ ሰዎቹ ግን አልታደሱም።

«ታዲያ ሽታው ይቀጥል ወይ? ተማሪ ሁልጊዜ መቃወም ነው» የሚለን አይጠፋም። አይቀጥል። እኛ የምንለው ሽታውን የሚያጠፋው ሰውን ማንሣት ሳይሆን ውኃ፥ ቦይና ጠረጴዛ ማምጣት ነው። ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ፥ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ እንዲያገኝ ይደነግጋል። «ኑሮው» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ «ካርታው» አይልም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የሚጠይቀው ሥራው ሳይጀመር እንዲጠና ነው። ፈርሶ ካለቀ በኋላ የሚጠና ጥናት የለቅሶ ቤት ምክር ነው።

ስለዚህ የአሞራ ገደል ሚዛን ቢያንስ እነዚህን አራት ነገሮች እንዲይዝ እንጠይቃለን።

1ኛ. በሥፍራው የሚያድረው ሰው፥ ካርታ ይኑረውም አይኑረው፥ በስሙና በሥራው ይቆጠር፤ ሐሳቡም ይሰማ።

2ኛ. የጀልባው መግቢያና የዓሣው ገበያ ከነባለቤቶቹ በቦታው ይቆይ። መበለቻ ጠረጴዛ፥ ንጹሕ ውኃ፥ መጸዳጃ ቤትና የበረዶ ክፍል ይሠራለት፤ አንጀቱና ቅርፊቱም ተሰብስቦ ለዶሮ መኖና ለማዳበሪያ ይዋል።

3ኛ. ከከተማው የሚወርዱት ቦዮች ሁሉ ይመዝገቡ፤ ሐይቁ ሳይደርሱም ይጣሩ። አበባው ከቦዩ በፊት አይተከል።

4ኛ. ከዳርቻው በቂ የሆነ የፊላ ቀበቶ ሳይነካ ይቅር፤ የቀረውም ዳርቻ አጥር ሳይገባበት ለሕዝብ ክፍት ይሁን።

ስለ አራተኛው ጥቂት እንጨምር። ከተማው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ከመቆርቆሩ በፊት ሥፍራው አዳሬ የተባለ የሲዳማ ሕዝብ የከብት መሰማሪያ ነበር። ዛሬም በሐይቁ አጠገብ በጉዱማሌ ፍቼ ጫምባላላ ይከበራል፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐይቁ ዳር ሰው የሚሰበሰብበት የጋራ ሜዳ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም። ከዳርቻው ከፊሉ በሆቴልና በመዝናኛ አጥር ውስጥ ገብቷል። የቀረውም ከገባ የሐዋሳ ልጅ ሐይቁን የሚያየው በሻይ ዋጋ ይሆናል።

ይህን ሚዛን የሚይዝ ባለሙያ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያሻም። በዚህች ከተማ የእርሻ ኮሌጅ ከተከፈተ ግማሽ ምእት ዓመት ሊሞላው ነው ወይም ሞልቶታል፤ ዩኒቨርሲቲውም ከተቋቋመ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የሥነ ሕይወት ተማሪ ውኃውን ይለካል፤ የምሕንድስና ተማሪ ቦዩን እየተከተለ ካርታ ይነሣል፤ የምጣኔ ሀብትና የማኅበራዊ ኑሮ ተማሪ የሰዉን ገቢና ወጪ ይጽፋል፤ የሕግ ተማሪ መብቱን ይዘረዝራል፤ የዓሣ እርባታ ተማሪ የቆሮሶውን መራቢያ ያመለክታል። መምህራኖቻችንም ይመሩናል ብለን እንተማመናለን፤ ስለዚህ ሐይቅ የተጻፈው ጥናት በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ እንዲቀር የሚሹ አይመስለንም።

እንግዲህ ኅብረቱ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ አጀንዳ ያድርገው፤ ከየትምህርት ክፍሉ ፈቃደኞች ይመረጡ፤ ውጤቱም ተባዝቶ ለማዘጋጃ ቤቱና ለዓሣ አስጋሪዎቹ እኩል ይሰጥ። ሥራው የሚጀመርበት ሰዓት ማለዳ ነው፤ ጀልባዎቹ የሚገቡት ያን ጊዜ ነውና።