ሰሊጡ በደረሰኝ፣ ጠመንጃው በጨለማ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ያገለገለ ጠመንጃ ትክክለኛ ዋጋው ስንት ነው?

አትሳቁ። ቦሌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እያማሰለ ይህን ለሚያነብ ሰው ጥያቄው ከሌላ ዓለም የመጣ ሊመስለው ይችላል። ያገለገለ ስልክ ስንት እንደሚያወጣ፣ ያገለገለች ቪትዝ ስንት እንደምትጠራ ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት እንኳ ይነግራችኋል። ሽንፋ ላለ ሰሊጥ አምራች የጠመንጃው ጥያቄ ከስልኩም ከመኪናውም ይቀድማል። መልሱን ደግሞ ከደላላው በቀር የሚነግረው የለም። ደላላው የሚነግረውም መልሱን ሳይሆን የዛሬውን ጥሪ ነው።

ክርክሬን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ሽንፋ ላይ ጠመንጃ በትክክለኛ ዋጋ መግዛት የማይቻለው ሻጩ ስግብግብ ስለሆነ አይደለም (ስግብግብ ሻጭ መርካቶም ሞልቷል)። መንግሥት ጠመንጃውን መቁጠር እንጂ ግብይቱን ማየት ስለማይፈልግ ነው። እኛ ከተሜዎቹ ደግሞ ነገሩን ወይ በንቀት ወይ በፉከራ ብቻ ስለምናወራው፣ መሐል ላይ ያለውን ገዢ የሚያስታውሰው ሰው ጠፍቷል።

በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ገብተን የካውቦይ ፊልም ያየን ሁሉ ያቺን ጠመንጃ እናውቃታለን። ጀግናው ምላጩን የከበበውን የብረት እጀታ ወደ ታች ዘርጋ፣ ወደ ላይ መለስ ሲያደርገው ቀልሃዋን ተፍታ ሌላ ጥይት የምትጎርሰዋን። ከዚያ ዘር ታዋቂዋ ጆን ብራውኒንግ የነደፋት የ1894ቷ ዊንቸስተር ናት፤ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ ኒው ሄቨን የነበረው ፋብሪካዋ የተዘጋው በ2006 እ.ኤ.አ ነው። ዛሬ አንድ አሜሪካዊ ያገለገለች ዊንቸስተር ከሱቅ ሊገዛ ሲሄድ በእጁ ምን ምን እንዳለ ቁጠሩ። የያገለገሉ መሣሪያዎችን ዋጋ እንደየይዞታቸው ዘርዝሮ የሚያወጣ መጽሐፍ አለ። ብረቷ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ተነስቶ የተሠራችበትን ዘመን ማወቅ ይችላል። አፈሙዟን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጧ ያለው ጥምዝ መበላት አለመበላቱን ያያል፤ ሰደፏ መጠገን አለመጠገኑን ይዳስሳል። ነጋዴው ከ1968ቱ ሕግ ወዲህ የፌዴራል ፈቃድ ያለው፣ የገዢውን ስም የሚመዘግብ ሰው ነው። የአሜሪካን የመሣሪያ ፖሊሲ እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ፤ በየትምህርት ቤቱ የሚፈሰውን የልጆች ደም በዜና እናየዋለን። እኔ የማወራው ስለ ዋጋ ነው። ገዢው መርምሮ፣ አወዳድሮ፣ ካልጣመው ትቶ መሄድ ይችላል። ትክክለኛ ዋጋ የሚባለው ነገር የሚወለደው ከዚያ ትቶ ከመሄድ መብት ነው።

ያቺኑ ዊንቸስተር ሽንፋ ብታመጧት ምን ታወጣ ይሆን? ሽመል ታወጣለች። ጥይቷ የለማ! የቆላው ገበያ ጠመንጃን የሚመዝነው በጥይቱ ነው። እነ ምንሽር፣ እነ አልቢን፣ እነ ቤልጅግ በስማቸው ሲዘፈንላቸው ኖረው፣ ክላሽ ከመጣ በኋላ ወደ ግድግዳ ጌጥነት የወረዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ፊቱን ወደ ሶቪየት አዙሮ አገሩን በክላሽና በጥይቱ ሲሞላው የአሮጌዎቹ ዋጋ በማንም አዋጅ ሳይሆን በጥይት እጦት ወደቀ። ገበያው እንዲህ ያለ የራሱ አእምሮ አለው። የጎደለው ሚዛን ነው።

ሽንፋ ሚዛን የማያውቅ አገር ነው ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉ። እንዲያውም በመተማ ቆላ ዋናው ሰብል ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ደግሞ በዚህች አገር ውስጥ በሥርዓት ከሚሸጡት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በ2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጡን ይመዝነዋል፣ ናሙና ወስዶ ደረጃ ያወጣለታል፣ የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጥበታል። አዲስ አበባ የተሸጠበትን ዋጋ ገበሬው እዚያው ሆኖ መስማት ይችላል። «ሁመራ ጎንደር» የሚባለው ነጭ ሰሊጥ ስም አውጥቶ ባሕር ተሻግሯል። እንግዲህ አስቡት፦ ሰውየው በጥቅምትና በኅዳር ሰሊጡን አጭዶ፣ አራግፎ፣ በደረሰኝ ይሸጣል። በዚያው ገንዘብ ሰሊጡን፣ ከብቱንና ልጁን የሚጠብቅበትን ብረት ሊገዛ ሲነሳ ግን ሲመሽ ይቀጠራል፤ ብሩን በፌስታል ይዞ ይሄዳል።

የሚገዛውን ሳይተኩስ ይገዛል፤ ተኩስ ሰው ይሰበስባላ። የአፈሙዙን ውስጥ በስልክ መብራት ቢያይ ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ለምን ተፋቀ ብሎ አይጠይቅም። ከሚሊሻ እጅ የወጣ ይሁን፣ ከተገደለ ሰው ትከሻ የወረደ ይሁን፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጠመንጃው በሦስተኛው ቀን ቢነክስበት ሻጩን የት ያገኘዋል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ጉድለት የሌለበትን ዕቃ እንዲያስረክብ ያስገድዳል፤ በሬ ገዝቶ የተታለለ ሰው በዚያ ሕግ ይከሳል። ጠመንጃ ገዝቶ የተታለለ ሰው ፍርድ ቤት ቢሄድ መጀመሪያ የሚታሰረው ራሱ ነው። ይህን ሻጩም ያውቃል፣ ደላላውም ያውቃል፣ ዋጋውም ያውቃል።

በጠመንጃ ዋጋ የተታለለ የመጀመሪያው ሰው የሽንፋ ገበሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ የጦር መሣሪያ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፣ በ1885 እ.ኤ.አ ማብቂያ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ሒሳቡን ያለ እፍረት አስቀምጦታል። ጊዜ ያለፈባቸው ያገለገሉ ጠመንጃዎች አውሮፓ ላይ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። አምስት እጥፍ ማለት ነው። በ1879 ዓ.ም ግመሎቹን ነድቶ ሸዋ ሲደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ምኒልክ ዋጋውን ቀነሱበት፤ የሞተ ሸሪኩ አበዳሪዎች ከበቡት፤ የቀረውን ሐረር ከራስ መኮንን ተቀበል ተብሎ ተላከ። (እውነቴን ነው፣ ይህን ታሪክ ባስታወስኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።) ምኒልክ ዋጋ መስበር የቻሉት ለምንድነው? በግልጽ የሚገዙ ንጉሥ ነበሩ፤ ከራምቦ ሌላም ሻጭ በራቸው ላይ ነበር። አውሮፓውያን በ1890 እ.ኤ.አ ብራሰልስ ላይ ተሰብስበው ለአፍሪካ ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲስማሙ አማራጭ ያጣው ሌላው አፍሪካ ነው።

የሽንፋ ጎረቤት የቋራው ካሳም ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ተምሮታል። በ1840 ዓ.ም በደባርቂ ጦርነት በሱዳን ከነበረው የግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ፣ በመድፍና በሠለጠነ ተኩስ ተመታ። ቴዎድሮስ ተብሎ ከነገሠ በኋላ ጋፋት ላይ መድፍ ካልሠራችሁ ብሎ ሚሲዮኖቹን መፈናፈኛ ያሳጣቸው ያ ቁስል ሳይጠግ ቀርቶ ይመስለኛል። መንግሥት በኋላ ለመሣሪያ ፋብሪካው «ጋፋት» የሚል ስም ሰጥቶታል። መንግሥት ሲታጠቅ ታሪክ ይጠቅሳል፤ የቋራ ገበሬ ሲታጠቅ ግን አንቀጽ ይጠቀስበታል።

አንቀጹ ያለው በ2012 ዓ.ም በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ውስጥ ነው። መጥፎ አዋጅ አይደለም፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ሰው እየተመዘገበ ፈቃድ እንዲያወጣ በር ከፍቷል፤ ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም በእስር ያስቀጣል። ችግሩ የሚጀምረው ወረቀቱ ቆላ ሲወርድ ነው። ፈቃድ ይውጣልህ የተባለው ሰው ጠመንጃውን ከየት ይግዛ? በገንዳ ውኃ ወይም በሽንፋ «የጠመንጃ መሸጫ» የሚል ሰሌዳ ያነበበ ሰው ካለ ይንገረኝ። መያዙን ፈቅዶ መግዣውን ጨለማ ውስጥ የተወ ሥርዓት ለደላላው ከፈቃድ የሚበልጥ ስጦታ ሰጥቶታል።

ወደ እኛ ልምጣ። ከከተማው ወጣት አንዱ ወገን «ሁሉም ትጥቅ ይፍታ!» ይላል። በቤቱ በር ላይ ጥበቃ ተቀምጦለታል፤ ጥበቃው የያዘው ደግሞ ያገለገለ ጠመንጃ ነው። ሌላው ወገን፣ በተለይ ዋሽንግተን ሆኖ ዩቲዩብ የከፈተው፣ ጠመንጃ የወንድነታችን ዓርማ ነው እያለ ሽለላ ያስደምጣል። ለእርሱ ጠመንጃው ሥዕል ነው፤ ለገዢው ግን የሁለት በሬ ወይም የአንድ ዓመት ሰሊጥ ዕዳ ነው። ሁለቱም ወገኖች ስለ ዋጋ አያወሩም፤ ሁለቱም አይከፍሉማ።

ገዢው ለምን እንደሚከፍል ማወቅ የፈለገ የጎንደር - መተማን መንገድ ይጠይቅ። እገታ በዚያ መስመር የታወቀ ገቢ ሆኗል፤ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛ ይታገታል፤ ቤተሰብ ከብት ሸጦ ያስለቅቃል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ ዮሐንስ የገቡ ስደተኞች ኩመርና አውላላ በሚባሉ መጠለያዎች ሰፈሩ። ከተኩስ የሸሹ፣ አንድም ጠመንጃ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። በታጣቂ ሽፍቶች ተደጋግመው ተዘረፉ፣ ተደበደቡ፤ በ2016 ዓ.ም ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት አውላላን ጥለው ጫካ ዳር መንገድ ላይ ሰፈሩ። ትጥቅ የፈታ ሰው በዚያ ቆላ እንዴት እንደሚኖር ለማየት የሚፈልግ ያንን ዓመት ይመልከት።

የጠመንጃው ዋጋ ውስጥ ያለው ብረት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባችኋል። ያልመጣው ፖሊስ፣ ያልተፈረደው እገታ፣ ለደላላው የሚከፈለው የዝምታ ገንዘብ ሁሉ ተደምሮ ነው የሚጠራው። አንድ ሰው በታገተ ማግስት ጥሪው ሲጨምር ገበሬው ለጠመንጃው ሳይሆን ለፍርሃቱ ነው የሚከፍለው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃድ ላለው ሰው፣ ቀን በብርሃን፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይሽጥ። ቁጥሩ ይነበብ፤ የተሰረቀ ወይም ሰው የተገደለበት መሆኑ ይጣራ፤ የተሸጠበት ዋጋ ይጻፍና ይለጠፍ። ሰሊጡ ላይ የምናደርገውን ነው። «ይህማ መሣሪያ ያበዛል» የሚል ወዳጅ አለኝ። የሚበዛውማ በጨለማውም እየበዛ ነው፤ ልዩነቱ ቁጥሩ የማን እጅ እንደገባ አለመታወቁ ነው። ይልቅ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል በሚደረገው ውጊያ ውስጥ ሆኖ፣ የትኛው ገበሬ ጠመንጃውን ይዞ የትኛው ቢሮ ይሄዳል? እውነት ነው፣ ዛሬ የሚሄድ ያለ አይመስለኝም። ግን ውጊያው ሲያበቃ መጀመሪያ የሚመጣው መዝጋቢ ነው፤ መዝጋቢው የሚይዘው ቅጽ ከአሁኑ ቢታሰብበት ምን ይጎዳል?

ያለበለዚያ የምናውቀው ቲያትር ይደገማል። መዝጋቢው ብዕሩን አንስቶ «ይህን ክላሽ ከየት አመጣኸው?» ይላል። ገዛሁት ቢል ወንጀል ነው። «ከአባቴ ወረስኩት» ይላል ሰውየው። መዝጋቢው አባትየውን ያውቃቸዋል፤ ክላሽ ወደ አገሩ ሳይገባ፣ ገና በጃንሆይ ዘመን የሞቱ ሰው ናቸው። ቀና ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ «በውርስ» ብሎ ይጽፍና «ቀጣይ!» ይላል።