ማደሪያውን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ለገጠሩ ምን ይተዋል?

አልጋን፣ ምድጃንና የውኃ ማጠራቀሚያን በአንድነት የያዘ ተሽከርካሪ ለአውሮፓ እንግዳ አይደለም። የጀርመኑ ቮልስዋገን ኩባንያ «ታይፕ 2» የተባለውን ቫን እ.ኤ.አ. በ1950 ማምረት በጀመረ በዓመቱ፣ ዌስትፋሊያ የተባለ አካል ሠሪ ድርጅት የማደሪያ ዕቃ ይገጥምለት ጀመር። ካምፐር ቫን በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ተሽከርካሪ በኢትዮጵያ በብዛት የታየው ግን ከካይሮ ተነሥተው በሱዳንና በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ይዘልቁ በነበሩ የውጭ ተጓዦች እጅ ነው። በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያ መስመር አስተማማኝ መሆኑ ቀርቷል። በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ችግርም የጎብኚዎችን ፍሰት አዳክሞታል።

ሰላም ሲመለስ መንገዱም ጎብኚውም መመለሳቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ በሀገር ውስጥ ማዘጋጀትና መያዝ ያዋጣልን የሚል ነው። ሁለተኛውና ለገጠሩ ነዋሪ የሚቀርበው፣ አልጋውንና ወጥ ቤቱን ይዞ ከመጣ እንግዳ ገበሬው ምን ያገኛል የሚለው ነው።

ተሽከርካሪውን ስለ መምረጥ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያ አስቀድሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ ተሽከርካሪዎችን ለማስገባት የሚጠየቀውን ወጪ እጅግ አክብዶታል። ስለዚህ ከውጭ ያገለገለ ካምፐር ቫን አስመጣለሁ ብሎ የሚያስብ፣ በውጭ ሀገር የሚኖር ወገንም ቢሆን፣ ከመግዛቱ አስቀድሞ ደንቡን መጠየቅ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ቫን በሕግ በኩል የቀለለ አማራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ኃይል መሙያ ጣቢያ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እምብዛም በማይገኝበት ሁኔታ ከጎንደር ወደ ደባርቅና ወደ ተራራው ለሚወጣ ተጓዥ አስተማማኝ አይሆንም።

የቀረው መንገድ በሀገር ውስጥ ያለን ሚኒባስ ወይም አነስተኛ የጭነት መኪና መለወጥ ነው። በዚህ ረገድ ባለሙያ አይታጣም። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል እየገጠሙ «ቅጥቅጥ» የተባለውን ተሽከርካሪ ለመንገድ ያበቁት የሀገር ውስጥ ጋራዦች ናቸው። መለዋወጫው በየከተማው የሚገኝ፣ መካኒኩም የሚያውቀው ሞዴል ከዘመናዊው ይልቅ ለገጠር መንገድ ይመረጣል።

ሚዛንና ኃይል

የለውጡ ዋና ፈተና ክብደት ነው። አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን ሚኒባስ አንዱን ሰው 65 ኪሎ ግራም ብናስበው 780 ኪሎ ይሸከማል። ወንበሮቹ ወጥተው 200 ኪሎ የሚመዝን አልጋና ቁም ሣጥን፣ 80 ሊትር ውኃ፣ 30 ኪሎ ባትሪ፣ አራት ተጓዦችና 100 ኪሎ ጓዝ ቢገባበት ድምሩ 670 ኪሎ ይሆናል። ቁጥሩ ከአቅሙ በታች ነው፤ አደጋው የሚመጣው ከአቀማመጡ ነው። ውኃውና ባትሪው በአንድ ጎን ከተከመሩ ወይም ከባድ ዕቃ በጣሪያ ላይ ከተጫነ፣ በተጠማዘዘ ቁልቁለት ባሌስትራውና ፍሬኑ ይፈተናሉ። በተጨማሪም ተሽከርካሪው ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራልና፣ የአካል ለውጡን አስቀድሞ ሳያስፈቅዱና ሳያስመዘግቡ መሥራት ቦሎ ሊያስከለክል፣ የመድን ካሳ ጥያቄንም ሊያወሳስብ ይችላል።

የኤሌክትሪኩም ስሌት እንዲሁ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ባይጠቀሙበት ይመከራል። 45 ዋት የሚወስድ አነስተኛ ማቀዝቀዣ ከቀኑ ግማሹን ቢሠራ 540 ዋት ሰዓት ስለሚጨርስ፣ ለመብራት የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጣሪያ ላይ የሚገጠም የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ በበጋ ይህን ሊሸፍን ይችላል፤ በክረምት ደመና ግን አይታመንም።

ከፍታውም ይቆጠራል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጭነቅ የድንኳን ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ ውኃ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ ምግብ ለመብሰል ይዘገያል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነው፤ ትልቁ አደጋም ከዚሁ ይመጣል። በተዘጋ ተሽከርካሪ ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ሽታም ቀለምም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሕይወትን ያሳጣል። የሲሊንደር ጋዝ ምድጃም ቢሆን አየር ማስገቢያና ማስወጫ ሳይበጅለት ለሙቀት ሊበራ አይገባም።

የገበሬው ድርሻ

ወደ ስሜን የሚወጣ ጎብኚ በተለምዶ በደባርቅ የመግቢያ ክፍያ ይፈጽማል፤ ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ይዞ ይጓዛል። ከዚህ ገንዘብ ጥቂት የማይባለው በፓርኩ ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች ይደርሳል። በመኪና የሚያድር እንግዳ ግን በቅሎም አብሳይም ላያስፈልገው ይችላል፤ ከከተማ ሸምቶ መጥቶ ቆሻሻውን ብቻ ትቶ ሊሄድም ይችላል።

ሥጋቱ ከፓርኩ ታሪክ የራቀ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። በውስጡ የሚያልፈው መንገድ ለዋሊያ አይቤክስ ካሳሰቡት ጉዳዮች አንዱ ነበር። በቅርሱ ጥበቃ ስም የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው እሳትም የጓሳው ሣር ምን ያህል ለቃጠሎ የተጋለጠ እንደሆነ አሳይቷል። ገበሬው ስለ ዋሊያው ሲል ከግጦሹ እንዲርቅ ተጠይቆ ሳለ፣ ተሽከርካሪ እንደ ወደደ በሜዳው ላይ እንዲያድር መፍቀድ ፍትሐዊ አይሆንም።

መፍትሔው ተሽከርካሪውን መከልከል ሳይሆን ማቆሚያውን ማበጀት ነው። ከፓርኩ ወሰን ውጭ፣ በደባርቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና አርሶ አደሮች የተከለለ የማደሪያ ስፍራ ቢያዘጋጁ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለውኃ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለጥበቃ ክፍያ መቀበል ይችላሉ። እንጀራ፣ እንቁላል፣ ማርና ድንች ገበያቸውን እዚያው ያገኛሉ፤ እንግዳው መኪናውን አቁሞ ወደ ተራራው በበቅሎ ይወጣል። የሆቴል ያህል መዋዕለ ንዋይ የማይጠይቅ በመሆኑም ለአነስተኛ ማኅበር የሚደረስበት ሥራ ነው። ይህ እንዲሆን ግን የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ፣ የቆሻሻ አወጋገድ ደንብና ግልጽ የክፍያ ተመን ከመኪናው ቀድመው መምጣት አለባቸው። ሥርዓቱ ከእንግዳው በኋላ ከደረሰ፣ ጥቅሙ የጋራዡና የባለ መኪናው ብቻ ሆኖ ጉዳቱ ለሜዳው ባለቤት ይቀራል።