በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን፤ ጀልባውንስ?

ባለፈው ሰሞን ቤተሰብ ለመጠየቅ ሮብ ገበያ ሄጄ ነበር። ቢቸናና ሞጣ አካባቢን ለምታውቁ፣ ከባሕር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ የውቅያኖስ ጀልባ ስመርጥ ሰነበትኩ። ሲያትል የሚኖር የአክስቴ ልጅ በሸራ የሚሄድ፣ ያገለገለ ጀልባ ሊገዛ ተነስቷል። ያገኘውን ሁሉ በቴሌግራም «እስቲ እየው» እያለ ይልክልኛል፤ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ፎቶው ይጎርፋል።

አጎቴ ስልኬን አዩና «ምንድን ነው?» አሉኝ። «ጀልባ ነው፣ 38 ጫማ» አልኳቸው። «ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ጫማ!» ብለው ቤቱን አሳቁት።

ከዚያ ግን በሬ ገበያ ላይ እንደሚጠይቁት ይጠይቁኝ ጀመር። ዕድሜው ስንት ነው? ሰውየው ለምን ይሸጠዋል? ጎኑን ተመትቶ ያውቃል? ጥያቄውን ላኩለት፤ የአክስቴ ልጅም በድምፅ መለሰ። ባለሙያ ይቀጠራል አለ። ጀልባው ከውሃ ይወጣና ሆዱ በትንሽ መዶሻ እየተንኳኳ ይደመጣል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተበላሸው የታፈነ። ምሰሶውን የወጠሩት ሽቦዎች ስንት ዓመት እንዳገለገሉ ይጠየቃል። ከታች የተንጠለጠለው የብረት ወይም የእርሳስ ክብደት የታሰረበት ብሎን ይታያል፤ ማዕበል ሲያጋድመው መልሶ የሚያቆመው እሱ ነዋ። በመጨረሻ ውሃ ላይ ይሞከራል። ይህ ሁሉ ለሁለት ተሳፋሪ ነው፣ ለእሱና ለሚስቱ።

«ጠምዶ መሞከር ማለት ነው» አሉ አጎቴ። በእሳቸው ቤት ጥርሱ ሳይታይ፣ ሰኮናው ሳይፈተሽ፣ ትልም ላይ ይተኛ እንደሆነ ሳይጠየቅ በሬ አይገዛም።

እኔም ከእኛው ጣና የተነሳ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለ ኖርዌጂያዊ ከጣና ደንገል አሳጭዶ ግብፅ ወሰደ፤ «ራ» የምትባል ጀልባ አሠርቶም ከሞሮኮ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ተነሳ። የኋላዋን ጫፍ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ጥቅሙ ስላልገባቸው ትተውት ነበር። ኋላዋ እየሰመጠ ሄደ፣ ሳይደርሱም ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ያንን አስተካክሎ በሌላ ጀልባ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። አንድ ገመድ፣ በቃ።

ይሄኔ ነው የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ጥግ ተቀምጦ ሲሰማ የነበረው፣ «ወደ የመን የሚሻገረውስ ስንት ጫማ ነው?» ያለው። ቤቱ ጸጥ አለ።

«አትሂዱ» የሚለው ምክር እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ሰልችቶኛል። መሬት ተሸንሽኖ ያለቀበትን ልጅ ስለ ሀገር ፍቅር ብንሰብከው አይሰማንም። ግን ቅስቀሳው ሁሉ ስለ ተስፋ ሲያወራ ስለ ጀልባው አንድም ቃል አለመናገሩ ያናድደኛል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ የመን 200 ገደማ ሰው የጫነች ጀልባ ሲበዛባት አሻጋሪዎቹ 80 ያህሉን ወደ ባሕር ወረወሩ፤ ቢያንስ 20 ሰው ሞተ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ150 በላይ ሰው የያዘች ጀልባ የመን አብያን ዳርቻ ሰጠመች። ከ60 በላይ ሞቱ፣ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች የእኛ ልጆች ነበሩ።

ለአንድ በሬ ዋስ የምንጠራ ሰዎች፣ ለዚህኛው ጉዞ ብሩን የምንከፍለው ጀልባውን በፎቶ እንኳ ሳናይ ነው። የሚነዳው ማን ነው? ስንት ሰው ይጭናል? የሕይወት አድን ጃኬት አለው? ሞተሩ መሃል ላይ ቢጠፋስ? እነዚህን መጠየቅ ፈሪነት አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ሁለት ሰው ለሚጭን ጀልባ ባለሙያ ቀጥሮ ይጠይቃል።

ልጁ ማታ ውጭ ወጥቶ ጓደኛው ስልኩን ለሰጠው ደላላ ደወለ። ሲመለስ ምን እንዳለው ጠየቅኩት።

«ስንት ሰው ትጭናለች አልኩት።»

«እሺ?»

«‹አንተ ምን አገባህ፣ ብሩን አዘጋጅ› አለኝ።»

አጎቴ ከመደባቸው ቀና ብለው «አፉን አላስከፍትም ያለህን በሬ ትገዛለህ?» አሉት። ልጁ አልመለሰም። እስካሁን ግን ቤት ነው፤ ትናንትም ደውዬለት ነበር።