እናቴ ስለ ምን ከመስመሩ ወጣች?

በዚህ መጽሔት ስለ ትልልቅ ነገር ሲጻፍ ማየት የለመደ ሰው «ስለ ሩጫ ላውጋችሁ» ስለው «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ጉዳይ ነው?» ብሎ ገጹን ማለፉ አይቀርም። ቢሆንም ጥቂት ታገሡኝ። የምጽፈው ስለ ሜዳልያ አይደለም፤ ስለ እናቴና ስለ እኔ ነው። ከእናንተም መካከል ጉዳዩ የሚነካው አይጠፋም።

ገና አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለዕረፍት ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ፣ የከተማው ሰው አንድ ላይ የሚሮጥበት ቀን ደረሰልኝ። የዩኒቨርስቲ ተማሪ መሆኔ ነውና ደረቴ ላይ ቁጥር ለጥፌ ከፊት ረድፍ ቆምሁ። እናቴ ጋቢዬን ይዛ ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ፊሽካው ተነፍቶ እኛ ስንነሣ እርሷም ተነሣች! ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ በላስቲክ ጫማዋ፣ ጋቢዬን በብብቷ እንደያዘች ሃምሳ እርምጃ ያህል በጎኔ ሮጠች። ወዲያው አንድ ፊሽካ የያዘ ሰው «እናቴ፣ ከመስመሩ ይውጡ! የሚሮጠው የተመዘገበ ሰው ነው» ብሎ አስወጣት። ሕዝቡ ሳቀ። እኔስ ምን አደረግሁ? እውነቱን ለመናገር፣ እንዳልሰማ ሆኜ ፍጥነቴን ጨመርሁ።

ማታ ቡና እየተፈላ «እስከ የት ድረስ ነበር የሮጣችሁት?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። «እሷን መንገድማ ጀሪካን አዝዬ ስመላለስባት አይደል የምውለው?» አለችና ሳቀች። እኔን ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ያን ሰው ልወቅሰው አልፈልግም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመ። የሚወቀሰው ሥርዓቱ ነው። በአገራችን ሩጫ ሲዘጋጅ ወላጅና ልጅ አብረው ይሮጣሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አይገኝም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ትልቅ ነገር አስተምሮናል፤ ሰው ለሽልማት ሳይሆን ለደስታም እንደሚሮጥ አሳይቶናል። በኋላም ከ40,000 በላይ ሕዝብ የሚወጣበት ቀን ሆነ። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ለሕፃናት የሚዘጋጀው ሩጫ ለብቻው ነው፤ ወላጅ ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ልብስ ይጠብቃል፣ ያጨበጭባል። ትናንሽ ከተሞችም ሩጫ ሲያዘጋጁ ይህንኑ መልክ ይቀዳሉ።

ምን ጎደለ ትሉኝ ይሆናል። የጎደለው እንዲህ ነው። እኛና ወላጆቻችን አብረን የምንሠራው ነገር እያለቀ ሄዷል። ልጅ ሳለሁ ማሽላው እሸት በሚይዝበት ወራት ከአባቴ ጋር ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቅ ነበር፤ ጦጣ ከጫካ ብቅ ሲል እሱ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ሮጠን እናባርር ነበር። ዛሬ ለዕረፍት ስሄድ ወንበር ይቀርብልኛል! እንደ እንግዳ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስለ ትምህርቴ እጠየቃለሁ፤ እኔም በአጭሩ እመልሳለሁ። ማሾ ሸጠው፣ ሽንኩርት ሸጠው ያስተማሩኝ ሰዎች ከፊቴ ቆመው ያስተናግዱኛል። ከእነርሱ ጋር አንድ መስመር ላይ የምቆምበት አንድ ቀን እንኳ በዓመቱ ውስጥ የለም።

የወላጅ ነገር በሩጫ ውስጥ ቀላል አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ አባቱ ግን ሩጫውን ጊዜ ማባከን አድርገው ያዩት ነበር። ያ ልጅ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣ። ኃይሌስ የአባቱን ተቃውሞ አልፎ ሄደ፤ ያላለፉትን ማን ቆጠራቸው? በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን «እግርሽን ገልጠሽ በሰው ፊት ልትሮጪ?» የሚለው ቃል ከየትኛውም አቀበት ይከብዳል። እናት ራሷ አንድ ጊዜ ነጠላዋን አሥራ ከልጇ ጋር ከሮጠች ግን በሚቀጥለው ቀን ያንን ቃል በምን አፏ ትናገረዋለች?

«ቆለኛ ደግሞ መቼ ሯጭ ሆኖ ያውቃል?» የሚል ጓደኛ አለኝ። እውነት ነው፤ አበበ ቢቂላ የተወለደው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ከዚያ ደጋ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ የሚወርድ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ይከብዳል፣ ላቡ ይወርዳል። እንግዲህ እኛ አበበን አናፈራም እንበል። አበበን ካላፈራን አንሮጥም ማለት ግን ቅኔ ካልዘረፍሁ አልናገርም እንደ ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ የይፋት ወላጅ ልጁን በእጁ ይዞ፣ ሕፃኑን አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ሮጧል። ለብዙዎቹ ከልጃቸው ጋር የሮጡት ሩጫ እርሱ ነው፤ ሌላ አያውቁም። ሰላም ሳይኖር ሩጫ እናዘጋጅ የምል ሞኝ አይደለሁም፤ መንገዱ ሲያስተማምን ብቻ ነው። መንገዱ ባስተማመነ ጊዜ ግን ያ ልጅ በእናቱ እጅ ተይዞ ያለ ፍርሃት ሲሮጥ ማየት እመኛለሁ።

«ቀኑን ሙሉ በሥራ የደከመ ገበሬ ምን ሩጫ ያስፈልገዋል? ሩጫ ቦርጭ ላወጣ ከተሜ ነው» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። ገበሬው ሥራ ያንሰዋል አላልሁም፤ ከልጁ ጋር የሚስቅበት ቀን ያንሰዋል ነው ያልሁት።

አደራረጉንም አስቤበታለሁ። ወሩ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ጥር ወይም የካቲት ይሁን፤ እኛም የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት የምናገኘው በዚያው ሰሞን ነው። ሰዓቱ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ገና ጎህ እንደ ቀደደ። ቀኑን ግን እኛ ብቻችንን ቆርጠን አንጣለው፤ ይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ የኖረበት አገር ነውና ካህናቱንም ሼሆቹንም አማክረን፣ ጾሙንም ጁምዓውንም ቅዳሴውንም ገበያውንም የማይነካ እንምረጥ። የደሴው አስፋልት ላይ አይሁን፤ የጭነት መኪና ያለ ዕረፍት የሚያልፍበት ነው። በእርሻው መካከል ያለው የገጠር መንገድ ይበቃል፤ ርቀቱም ከ3 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ውኃ በየመንገዱ ይቀመጥ።

ሕጉ አንድ ነው፤ ወላጅና ልጅ ጥንድ ሆነው ይነሣሉ፣ የሚቆጠርላቸውም ኋለኛው የገባበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ አባቱን ጥሎ ቢፈተለክ ምንም አያተርፍም፤ ቆሞ ይጠብቃል። መራመድ ይፈቀዳል። ልብስ አይወሰንም፤ በሽርጥም በቀሚስም ይሮጣል። ወላጁን ያጣ (በእኛ አገር ይህ ጥቂት አይደለም) ካሳደገው ሰው ጋር፣ ካልሆነም ከጎረቤት እናት ጋር ይሰለፍ። ሽልማቱን በተመለከተ ገና አልተስማማሁም፤ ጓደኛዬ በግ ይሁን ይላል፣ እኔ ግን በግ ከመጣ ጥል አብሮ እንዳይመጣ እፈራለሁ።

ለእናቴ ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውዬ አሳቡን ነገርኋት። መጀመሪያ «አሁን በዚህ ዕድሜዬ ማን ሊስቅብኝ!» አለች። ዝም አልኋት። ትንሽ ቆየችና «ቁጥሩን ለእኔም ይለጥፉልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከሸዋ ሮቢት፣ ከሰንበቴ፣ ከአጣዬና ከዚያው አካባቢ የመጣችሁ ሁሉ ሐሙስ ማታ ከእራት በኋላ ከመመገቢያ አዳራሹ በስተጀርባ እንገናኝ። ቁጥሮቹን በጨርቅ ላይ የሚጽፍልን፣ እጁ ያማረ ሰው እንፈልጋለን።